ዝም ያለው የዲንሾ መጋዘን

ሮቤ ከተማ በእህል መጋዘኖች ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን የቢሮው ኃላፊ ጓድ መኮንን የመገናኛ ሬዲዮውንና አንድ ቅጽ አስረከቡኝ። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዲንሾን፣ አጋርፋንና ጎባን እየጠራሁ በየመጋዘኑ ያለውን ኩንታል እመዘግባለሁ። አንዱን መጋዘን ከአሥር ደቂቃ በላይ አልጠብቅም።

«ካልመለሱስ?» አልኳቸው።

«ዜሮ ጻፍ። ክፍት ቦታ ያለው ቅጽ ወደ ላይ አይሄድም።»

ሁለት ዓመት እንዲያው ሠራሁ። ዛሬ ድምፁ የጠፋ መጋዘን ነገ ይመልስና ቁጥሩ ይስተካከላል፤ ጉዳዬ ያለው ሰው አልነበረም።

የገብስ ዘር በሚታደልበት ሰሞን ዲንሾ ዝም አለ። «ዲንሾ፣ ዲንሾ፣ ይሰማል?» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጠራሁ። ከሬዲዮው ጩኸት በቀር የመለሰልኝ የለም። ዜሮ ጻፍኩ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ዜሮ።

በአራተኛው ቀን የዲንሾውን መጋዘን ኃላፊ ኦቦ ቱሉን አስረው ጎባ ወሰዷቸው። የበላዮቹ ቅጹን አይተው ከዜሮው በፊት የተመዘገበው ሦስት መቶ ኩንታል የዘር ገብስ ጠፋ አሉ። ያን ጊዜ ይህ አሻጥር ይባል ነበር፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከዲንሾ የተመለሰ ሾፌር ግን ገብሱ ንቅንቅ እንዳላለ ነገረን። የሞተው የሬዲዮው ባትሪ ነበር። አፈርኩ፤ ፈራሁም። ቢሆንም ጓድ መኮንን ዘንድ ገባሁ።

«ጓድ፣ ዜሮውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ‹አልተሰማም› ብዬ ልጻፍ።»

«አልተሰማም የሚባል ቁጥር አለ እንዴ?»

ተከራክሬ አዲስ ዓምድ አስገባሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቅጹ በሳምንት ታረመ፤ በስህተት አሰርን ብሎ የሚፈርም ስለጠፋ ኦቦ ቱሉ ለመፈታት ሰባት ወር ፈጀባቸው።

ሲፈቱ ቢሮዬ መጡ። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ብድግ አልኩ።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ቱሉ?» ብዬ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቅኩ።

«ፈያ። ዜሮዋን የጻፍካት አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ይበልህ። ግን ከሮቤ ዲንሾ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሦስት ቀን ሙሉ መጥቶ የሚያይ ሰው አጣችሁ?»



ይህን ሥራ ለምትረከቡ፦ ያልመለሰውን መጋዘን አልመለሰም ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ተነሥታችሁ ሂዱና እዩ።