ሃያ ፊት ያላት ጠጠር

ቡሬ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ፊት ለፊት፣ ናሁሰናይ የሚባል ፎቶ ኮፒ አንሺ አለ። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። በአዘቦት ቀን የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ ያትማል፣ ይጠርዛል፣ ስማቸውን በወርቃማ ቀለም ሽፋኑ ላይ ይለጥፋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን የቤቱን በር ገርበብ ያደርጋል፤ ወረቀት የሚቆርጥበትን ጠረጴዛ ይጠርጋል፤ ሦስት ሰው ዙሪያውን ያስቀምጥና ዓለም ይፈጥራል። ዓለም ይፈጥራል ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ከሦስቱ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ሲፈጥር አይቼዋለሁ።

ጨዋታውን ወደ ቡሬ ያመጣው ከአዲስ አበባ የተመደበ የግብርና ተማሪ ነበር። የሕጉን መጽሐፍ ሊያሳትም መጣ፤ ናሁሰናይ እያተመ ገጹን ማንበብ ጀመረ፤ ማሽኑ ወረቀት ጨርሶ ሲጮህ ሁለቱም አልሰሙም ይባላል። ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ታሪኩን ይተርካል። የቀሩት በታሪኩ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ይሆናሉ። ተራኪው «ወንዝ ደረሳችሁ፤ ሞልቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። «እዋኛለሁ» ያለ ሰው ጠጠሯን ይጥላል። ጠጠሯ ሃያ ፊት አላት፤ በየፊቷ ቁጥር ተጽፎባታል። ትልቅ ቁጥር ከወጣ ተሻገረ። ትንሽ ከወጣ ወንዙ ወሰደው። ጠጠሯ የፈረደችውን ተራኪውም አይሽርም።

ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ መጽሐፉንም ጠጠሯንም ለናሁሰናይ ትቶለት ሄደ። ቀይ ነበረች፣ የደረሰ የቡሬ በርበሬ የመሰለች። ብርሃን ላይ ሲያነሷት ውስጧ ፀሐይ የምትጠልቅ ይመስል ነበር።

በታሪኩ ውስጥ ክንዱ የተባለው የባጃጅ ሾፌር የነጋዴ ጠባቂ ነበር። እኔ ቅኔው የጠፋበት ደብተራ ነበርኩ። የጤና ጣቢያ ነርሷ አቻምየለሽ ደግሞ አደይ የምትባል አሞሌ ጨው ጭና ዓባይን የምትሻገር ነጋዴ ነበረች። ስለ አደይ ስታወራ «እሷ» አትልም፤ «እኔ» ነው የምትለው። ቀን መርፌ ስትወጋ ውላ እሑድ ገደል ስትወርድ ድምፅዋ ሳይቀር ይለወጥ ነበር፤ እኔም ሁልጊዜ እገረም ነበር።

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው፣ አደይ ዓባይ ገደል ላይ ተንሸራተተች። ክንዱ እሷን ይይዝ ወይስ በቅሎዋን ሲባል በቅሎዋን ያዘ። ስለዚህ አደይ በአንዲት ገመድ ተንጠለጠለች። አቻምየለሽ ጠጠሯን በሁለት እጇ አሽታ ወረወረች። ጠጠሯ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታች፤ ነጠረች፤ በተገረበበው በር ወጥታ ቦዩ ውስጥ ገባች። ክንዱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ፈለጋት። ሄዳለች። የወጣውን ቁጥር ያየው ጎርፉ ብቻ ነው።

«ቀላል ነው» አለ ክንዱ፣ ሱሪውን እየጨመቀ። «ከአንድ እስከ ሃያ ወረቀት ላይ እንጻፍ፤ እጠቀልለዋለሁ፤ ዕጣ ታወጣለች።»

«አንተ የጠቀለልከውን?» አለች አቻምየለሽ። «የዕቁባችንን ዕጣ የጠቀለልክ ዕለት መጀመሪያ የወጣው የማን ስም ነበር?»

«እግዜር ሲሰጥ እኔ ምን ላድርግ?»

ናሁሰናይ ሊያስታርቅ ገባ። «በቃ፣ ገመዱ ይዟታል። እኔ ተራኪው ብያለሁ። ወጣሽ።»

«አዝነህልኝ እንዳታወጣኝ» አለች። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። «ልውጣም ልውደቅም በጠጠሯ ይሁን። ካልሆነማ ሁለት ዓመት ሙሉ የተረትከው ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው።»

ያን ጊዜ ነው የነገረችን። ከመስቀል በኋላ ወደ ሽንዲ ጤና ጣቢያ ተዛውራለች። ሽንዲ በካርታ ቅርብ ናት፤ በዝናብ ጊዜ ግን መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።  «ከመሄድሽ በፊት ጠጠሯን አመጣታለሁ» አላት ናሁሰናይ። «ካላመጣሁ ይህ ማሽን ዳግም አይነሣ።»

ማሽኑም እንደ ሰማው ሁሉ በሳምንቱ ድራሙ፣ ምስሉን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ክብ ዕቃ፣ ተበላሸ። ናሁሰናይ መንገዱ እስኪከፈት ጠብቆ፣ ድራም ሊገዛ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረ። ልቡ የተሳፈረው ግን ለጠጠሯ ነው። እኛ ጋ ያኔ ኢንተርኔት እንደ ልብ አልነበረም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚፈልግበት መንገድ አልነበረውም። የተማሪው ስልክ አይሠራም። በእጁ የነበረው ተማሪው አንድ ቀን የጣለው ወሬ ብቻ ነው፤ «ፒያሳ፣ የእንጨት ሰገነት ካለው አሮጌ ቤት ሥር፣ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ» ብሎት ነበር።

ድራሙን መርካቶ ወዲያው አገኘ። የድራሙን ካርቶን በብብቱ ሸጉጦ እዚያው ወደ አሻንጉሊት ተራ ተሻገረ። አንድ ባለሱቅ ፊት ቆሞ እንደ አገሩ ወግ ጤንነቱን ጠየቀ፣ ገበያውን ጠየቀ፣ ክረምቱ እንዴት እንዳለፈ ጠየቀ።

«ወንድሜ» አለው ባለሱቁ፣ «ዕቃ ነው የምትፈልገው ወይስ ዝክር ልትጠራኝ ነው?»

ናሁሰናይ አፈረና ተናገረ። ባለሱቁ ከመደርደሪያ ሉዶ ከነጠጠሯ አወረደለት።

«ይቺ ስድስት ፊት ናት» አለ ናሁሰናይ። «የኔዋ ሃያ ነበረች።»

«ሃያ? ስድስቱ ምን አጎደለብህ?»

ለይሉኝታ ሉዶውን ገዛ። ያን ያህል ሰው አድክሞ ባዶ እጁን መውጣት ከበደው።

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ «የጨዋታ ቤት» ብሎ ፈለገ። ካርታው እየመራ አንድ መጋረጃ የተጋረደበት ክፍል አደረሰው። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ጎረምሶች ስክሪን ላይ ኳስ ይጫወታሉ። አንዱ ዓይኑን ሳይነቅል «ፋዘር፣ ፊፋ ነው?» አለው። ሠላሳ ያልሞላው ሰው «ፋዘር» ሲባል ምን እንደሚሰማው ቡሬ ከተመለሰ በኋላ ብዙ ጊዜ ነግሮናል።

«አይደለም፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው።»

«እሱ ከጀርባ ነው!»

በደስታ ወደ ጀርባ ሮጠ። የካራምቡላ ጠረጴዛ ነበር። ሌላ ሰው ጠየቀ፤ ያ ሰው ወደ ውርርድ ቤት ላከው። የውርርድ ቤቱ ልጅ ወደ መጻሕፍት መደብር ላከው። የመጻሕፍት መደብሩ ሴትዮ «ቁማር እዚህ አናስገባም» ብላ ከበሩ መለሰችው።

የቀረው ፒያሳ ነበር። ለመጨረሻ ያስቀመጠው እንደ ጣፋጭ ነገር ነው፤ አለ የተባለ ሱቅ አንድ እሱ ብቻ ነበርና። ታክሲው አወረደው። የተማሪውን ቃል እያስታወሰ ቀና አለ። ፊቱ ሰፊ መንገድ፣ አዲስ ሣር፣ ተርታ የቆሙ መብራቶች ነበሩ። አንድ ዘበኛ ሽማግሌ ዘንድ ቀረበ።

«አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? እዚህ ጋ የእንጨት ሰገነት ያለው አሮጌ ቤት ነበር ብለውኝ…»

ሽማግሌው በዱላቸው ዙሪያውን አሳዩት። «የትኛው ቤት ልጄ?» አሉት። «ሣሩ ላይ አትረማመድ እንጂ፣ ከፈለግህ መንገዱ ላይ ቆመህ ልታስበው ትችላለህ።»

ቆሞ አሰበው። እግሩ አብጧል፣ ሆዱ ይጮኻል፣ የድራሙ ካርቶን ብብቱን ቆርጦታል። አገሬ ገበያ ላይ የጠፋ በግ እንኳ ባለቤቱ እስኪገኝ ያስጮኻሉ፤ አንድ ሙሉ ሰፈር ሲጠፋ ማንም ያልጮኸ መሰለው።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው ያያት። ከፊቱ የቆመችው ወጣት ሴት የቦርሳዋ ዚፕ ላይ ቢጫ ነገር ተንጠልጥሏል። ቆጠረው። ፊቱ ብዙ ነው፤ ቁጥር አለበት።

«እህትዓለም!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። ሌባ እንዳልሆነ እስኪያስረዳ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየው። ሲገባት ግን ሳቀች፤ ቦሌ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ካፌ እንዳለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች እየተሰበሰቡ እንደሚጫወቱ ነገረችው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር።

ሊፍቱ አይሠራም። ካርቶኑን ታቅፎ ደረጃውን ወጣ። በሩን ሲከፍት ግድግዳው ሙሉ በጨዋታ ሣጥን ተሞልቷል፤ ባንኮኒው ላይ አንድ ትልቅ ብርጭቆ በጠጠር ጢም ብሏል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ሰማይ የመሰለ።  ዓለም የሚፈጥረው እሱ ብቻ መስሎት ኖሮ፣ እዚያ በየጠረጴዛው ዓለም ሲፈጠር አገኘው።

ያምሮት የምትባል የካፌው አስተናጋጅ ተቀበለችው። «እንኳን ደህና መጣህ! ለመጫወት ነው?»

«ኧረ እንዲያው ነው። እንደምን ዋላችሁ? ሥራ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። አሁን የሚጀምር ጠረጴዛ አለ፤ አንድ ሰው ጎድሏቸዋል። ትቀላቀላለህ?»

«ኧረ ይቅርብኝ። አላስቸግራችሁም።»

«እሺ፣ ችግር የለም» አለችና ሄደች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እኛ አገር የተጠራ ሰው ወዲያው እሺ አይልም። መጀመሪያ ይቅርብኝ ይላል፤ ጠሪው ይለምናል፤ እንደገና እምቢ ይላል፤ ጠሪው «አፈር ስሆን» ብሎ ይምላል፤ ያን ጊዜ እያፈረ ይቀመጣል። በመጀመሪያው የተቀመጠ ሰው እናቱ ያላሳደገችው ነው። ናሁሰናይ «ይቅርብኝ» ሲል «እባክሽ ድገሚልኝ» ማለቱ ነበር። ያምሮት ምኑን ታውቃለች? ይቅርብኝ አለ፤ ቀረበት።

ባንኮኒው ጋ ቆመ። ብርጭቆውን እያየ «ይቺ ቀይዋ ታምራለች» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «እኛም እንዲህ ያለች ነበረችን። ጎርፍ ወሰዳት።»

«ውይ፣ ያሳዝናል» አለች ያምሮት። «እነዚህ የቤቱ ናቸው፤ የሚሸጡት አልቀው ነው። ከውጭ ነው የሚመጡት፤ መቼ እንደሚመጡ እንጃ።»

አጠገቡ ካለው ጠረጴዛ አንድ ጺማም ተጫዋች ሰምቶ ነበር። ከከረጢቱ ቀይ ጠጠር አወጣ፤ ሃያ ፊት ያላት፣ የበርበሬዋ እኅት። «ውሰዳት ወንድሜ፤ እኔ ብዙ አለኝ» ብሎ ዘረጋለት።

ናሁሰናይ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። «ኧረ በፍጹም! እንዴት ተደርጎ!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በፍጹም አልወስድም!»

«እሺ» አለ ሰውየው፤ ወደ ከረጢቱ መለሳት።

ናሁሰናይ በሩ ጋ ቆመ። ሦስተኛውን ጥሪ ጠበቀ። ጨዋታው ተጀመረ፤ ጠጠሮች በጠረጴዛ ላይ ሲንከባለሉ ሰማ፤ አንዱ አሸነፈ፣ አንዱ ወደቀ፣ ሁሉም ሳቁ። ማንም «አፈር ስሆን» አላለውም። ቀስ ብሎ ደረጃውን ወረደ። ታች ሲደርስ ሁሉም ነገር ገባው፤ ግን አንዴ በፍጹም ያለውን ሰው ተመልሶ ስጠኝ ለማለት አገሩ ቃል አላስተማረውም።

ቡሬ ሲመለስ ይህን ሁሉ የነገረን ድራሙን እየገጠመ ነው። ብሎኑን የሚያጠብቀው የገዛ አንገቱን እንደሚያንቅ ሰው ነበር።

«በእጁ ዘረጋልህ?» አለች አቻምየለሽ።

«ዘረጋልኝ።»

«ቀይ ነበረች?»

«ቀይ።»

«አንተም አፈር ስሆን እስኪልህ ጠበቅህ!» አለ ክንዱ፣ ጉልበቱን እየመታ። «አንተ ሰውዬ፣ አዲስ አበባ አፈር ከየት ይመጣል? ሁሉ አስፋልት ሆኗል!»

እኔ ሳቅሁ። ናሁሰናይ አልሳቀም። የሉዶዋን ጠጠር ጠረጴዛው ላይ አኖራት። አቻምየለሽ በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገቻት። «ዓባይ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ሰው በሉዶ አይወጣም» አለች። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ማሽኑ ተነሣ፤ ያንን የማተሚያ ድምፅ እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

መስቀል አለፈ። የምትሄድ ዕለት ሦስታችንም መናኸሪያ ሸኘናት። ፍራሿ ሚኒባሱ ላይ ታስሯል፤ ረዳቱ «ሽንዲ! ሽንዲ!» እያለ የሞላ መኪና ይሞላል።  አቻምየለሽ በመስኮት ብቅ አለች።

«የፊታችን ቅዳሜ ሽንዲ ኑ። የሰጡኝ ቤት ሰፊ ነው፤ ጠረጴዛም አለው አሉኝ።»

«ኧረ አናስቸግርሽም» አለ ናሁሰናይ ወዲያው። «ገና ሳትደላደይ…»

 ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

«ናሁሰናይ» አለችው፣ «አንድ ጊዜ ነው የምጠራህ።»

አፉ ሁለተኛውን «ኧረ» ይዞ ተከፍቶ ሲቀር አየሁት። ክንዱ በክርኑ ጎሸመው። ረዳቱ በሩን መታ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ።

«እመጣለሁ!» አለ። ጮኾ ነው ያለው፤ መናኸሪያው ዞሮ አየው። ከዚያ ከመኪናው ጎን መሮጥ ጀመረ፣ በጭቃው፣ ለጫማው ሳያዝን። «ጠጠሯ ግን የለችም እኮ! ምንም ይዤ አልመጣም!»

አቻምየለሽ ከመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ወደ ኋላ ጮኸች።

«ገመዱ እስከ ቅዳሜ ይይዘኛል!»