የታማሚው ፓፓያ

ሐኪሟ «አጥንትዎ ሳስቷል» ስትለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሳሳውን ጨርቅ ከደህናው ስለይ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ የሳሳ ነገር በጣቴ ካልዳሰስሁት አላምንም። እሷ ግን ራጁን ወደ መስኮቱ ይዛ አሳየችኝ። በግንቦቱ ዝናብ በረንዳዬ ላይ አንሸራትቶኝ ስወድቅ የእጄ አንጓ እንደዚያ በቀላሉ የተሰበረው ለካ ለዚህ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ደረጃ ስወርድ እንኳ ይሳሳልኝ ነበር። የሚሳሳልኝ ሲሄድ እኔው ሳሳሁ፣ በቃ።

«መድኃኒቱን ይውሰዱ፣ ወተት አይርሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ። ፍራፍሬም በየቀኑ ይብሉ» አለችኝ። የደረቀ ፕሪም ለአጥንት ጥሩ ነው ይባላል አለች፤ እሱን እዚህ ከየት አመጣዋለሁ? ያገኙትን ይብሉ አለች።

«የጠፋውን አጥንት ይመልሰዋል?»

«ሊያግዝ ይችላል። ብቻውን ይመልሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ሐዋሳ ያለችው ልጄ በስልክ ስትሰማ ቁርጡን ነገረችኝ። «እማዬ፣ ደግመሽ ከወደቅሽ መጥቼ ነው የምወስድሽ። ብትወድቂ ማን ያይሻል? ማን አለሽ?» ይቺ «ማን አለሽ» አንጀቴ ውስጥ ቀረች። ፋሲሎ ሰፈር፣ ሐይቁ አጠገብ ያለችው ቤቴ ጠባብ ናት፤ ግን የኔ ናት። እዚህም እኮ ሐይቅ አለ ትለኛለች። ይኑራ! በሰው ከተማ፣ የልጄ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ላፍጥጥ? አላደርገውም።

ጄሶው ሲፈታልኝ ፍሬ ልገዛ ወጣሁ። እኛ ዘንድ ፍራፍሬ የልጅና የታማሚ ነው። ብርቱካንና ሙዝ በላስቲክ አንጠልጥሎ የሚሄድ ትልቅ ሰው ካያችሁ፣ የታመመ ሊጠይቅ ነው። ሐይቁ ዳር ፓፓያና ማንጎ የምትሸጥ አንዲት ሙስሊም ሴት አለች፤ ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው።

«እማማ፣ ታማሚ አለብዎት እንዴ?» አለችኝ።

ለራሴ ነው ማለት አፈርሁ። በዚህ ዕድሜዬ ማንጎ ልመጥጥ ነው ልበላት? «አዎ» አልሁ።

«ውይ! አላህ ያሽርልዎ።»

አሜን አልሁ፤ ምን ልበል!

ከዚያ ወዲያ የበሰለውን እየመረጠች ታስቀምጥልኝ ጀመር። ባየችኝ ቁጥር «እንዴት አደሩ?» ትላለች። እኔን ትበል ታማሚውን፣ የአክብሮታችን ቋንቋ አይለየውም። «ደህና» እልና እሄዳለሁ። ቤት ገብቼ ፓፓያውን ስቆርጥ ግን ግማሹን አስቀምጣለሁ፤ ለማን እንደሆነ እኔም አላውቅ። እንጀራ ብቻን መብላት ይለመዳል። ፍሬ ግን ቆርጠው የሚያቀብሉት ሰው ይፈልጋል። አንዳንድ ቀን በሌለው ታማሚ እቀናለሁ። እሱ እንኳ በየጠዋቱ እንዴት አደሩ የሚለው ሰው አለው።

ነሐሴ ላይ ጉንፋን ጣለኝና ከቤት መውጣት ተውሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በር ተንኳኳ። ብከፍት እሷ ናት፤ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው ፓፓያ ታቅፋ። ሰፈሩን በሰው በሰው ጠይቃ ነው የመጣችው።

«ጠፉብኝ እኮ! ለጥየቃ ልምጣ ለለቅሶ ሳላውቀው ነው የመጣሁት።»

ገባችና ዙሪያውን አየች። አንድ አልጋ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሲኒ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ታማሚው የት ናቸው?» አለችኝ።

እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ሐፍረት አይቼ አላውቅም። «እኔው ነኝ» አልኋት። «አጥንቴ ነው። ሌላ ሰው የለም፣ ልጄ። ማንም የለም።» እንባዬ መጣ፤ ሰው ፊት ማልቀስ እንዴት እንደምጠላ!

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «አላህ ያሽርዎ» አለች። ያቺን «ል» አወጣቻት። ለሌላ ሰው ስቀበለው የከረምሁት ምርቃት ዛሬ ለራሴ ሆነ።

ቢላዋ ጠየቀችኝ። ፓፓያውን ለሁለት ከፍላ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ፣ አንዱን ራሷ ትበላው ጀመር።

«የታማሚ ነው እኮ» አልኋት።

«ጠያቂም ይበላል» አለች።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ናት። አጥንቴ ይመለስ አይመለስ ሐኪሟም ገና አላወቀችው፤ ልጄ ግን አሁንም እንደዛተች ነው። ሰላምታ ሳንጨርስ ከኋላዬ «እማማ፣ ሎሚ የለዎትም?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«እማዬ፣ ማን ነው? ሰው አለ እንዴ?» አለች ልጄ።

አፌ በፓፓያ እንደሞላ መለስሁላት።

«አለ እንጂ። ጠያቂ አለኝ።»