ጠብታና ድምፅ የሌላት መኪና

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አብጠርጥሮ የሚያውቀው ኤሌክትሪክ መኪና ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው። ይህ እውነት በየቀኑ የሚረጋገጠው ከዳገቱ አናት፣ ጎሚስታው ደጃፍ ላይ ነው። እዚያ በተገለበጡ ቸርኬዎች ላይ የሚሰየም ሸንጎ አለ። ሊቀመንበሩ ጎሚስታው ራሱ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጎማ ሲለጥፍ ኖሯል፣ የራሱ የሚለው አንድ ጎማ የለውም። ምክትሉ የጠብታ ሚስት ወንድም ነው። መንጃ ፈቃድ አለው፤ ስለ መኪና ከማውራት ጊዜ ስላልተረፈው ግን መኪና አልገዛም። የቀሩት አባላት ይቀያየራሉ፣ ሐሳባቸው አይቀያየርም።

ጠብታ ሾፌር ነው። ስድሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ጉልበቶቹ ግን ከእሱ ቀድመው ሞልተዋል። ስሙ የወጣለት ነዳጅ ማደያ ነው። ቀጂው ቱቦውን ሊነቅል ሲል፣ «ቆይማ፣ አንዴ አራግፈው» ይልና የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ጡሩምባ ቢነፋ፣ ቢራገም፣ አይሰማም። ሰላሳ አንድ ዓመት ሲነዳ አንዲት ማንኪያ ነዳጅ በከንቱ አልፈሰሰችበትም። ሌላው ሰው በልጁ፣ በቤቱ ወይም በዘሩ ሲመካ እሱ በዚህ ይመካል። ከሌሎቹ መመኪያዎች ሁሉ ይኸኛው ሰው አይጎዳም።

ቁጠባው ግን ከወረፋ አላዳነውም። ነዳጅ እየጠፋ በሄደ ቁጥር ከሳምንቱ ሁለቱን ቀን የሚያሳልፈው መሪ ላይ ተደፍቶ ነበር። ወረፋው አንድ መኪና ሲራመድ ይነቃል፣ ያስነሳል፣ ሦስት ሜትር ይሄዳል፣ ያጠፋል፣ ይደፋል። አንድ ቀን ተራው ደርሶ ቀጂው መስኮቱን ሲያንኳኳ ጉልበቱን መዘርጋት አቃተው። ያን ሳምንት አሮጌ መኪናውን ሸጠና ያገለገለች፣ ትንሽ፣ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ሻጩ ቁልፉን ሲሰጠው፣ «እንደማንኛውም መኪና ናት» አለው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ወፍራም መመሪያ በማይችለው ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር፣ ሚስቱ ከምትሰፋበት ጠረጴዛ አጭሩ እግር ሥር አስገባው። እውቀት እንዲህ አንዳንድ ጊዜ ለቁም ነገር ይውላል።

ሸንጎው በዚያው ቀን ተሰበሰበ።

«እውነት ገዛሃት?» አለ ጎሚስታው።

«ገዛኋት።»

«ዝናብ ሲመጣስ?»

«ጣራ አላት።»

«ጣራ አላት ወይ ያለህ የለም። ኩሬ ውስጥ ስትገባ ነው እንጂ የምልህ። ውኃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ሾፌሩ እንዳለ ነው የሚደርቀው።»

የሚስቱ ወንድም ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እንደ ማስረጃ አሳየ። «ጋሼ፣ ይኸውልህ። ባትሪው ሁለት ዓመት አልሞላውም፣ አሁን እስከ ምሳ አያደርሰኝም። መኪናዋ ከዚህ በምን ትለያለች?»

«እሷ እንዳንተ አታወራም።»

«ቀልደህ ሙት። መብራት ሲጠፋስ?»

«ቤንዚን ሲጠፋ ምን አደርግ ነበር?»

«ትሰለፋለህ። ወረፋ ላይ ሰው አለ፣ ጨዋታ አለ። መብራት ሲጠፋ ግን ቤትህ ብቻህን ነው የምትቀመጠው።»

ተቃውሞው በዚህ አላበቃም። ድምፅ ስለሌላት ሰው ትገጫለች። ዳገት አትወጣም። ከወጣችም ትፈነዳለች። ነገ ልሽጣት ቢል ገዢ አያገኝም። ይህ የመጨረሻው ትንቢት መፈጸሙ አይቀርም ነበር፤ ገዢ በመጣ ቁጥር አቅጣጫ የሚጠይቀው ጎሚስታውን ነውና። ጠብታ ለሁሉም መልስ ነበረው። ጎሚስታው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብትበላሽስ ማን ይሠራታል?» ሲለው ግን የመኪናዋን መስታወት በእጅጌው መወልወል ጀመረ። ከሸንጎው አፍ የወጣችው ብቸኛ እውነተኛ ጥያቄ እሷ ነበረች። እሷንም ቢሆን የጠየቁት መልሷን ፈልገው አልነበረም።

መኪናዋን የገዛበት አንድ ተስፋ ነበረው። ከዳገቱ ግርጌ የኩላሊት እጥበት የሚሰጥ ክሊኒክ አለ። ላይኛው ሰፈር ያሉትን ታካሚዎች በየተራቸው፣ በቀን ስድስት ስድስቱን፣ የሚያመላልስ ሾፌር ይፈልግ ነበር። ከዚህ በፊት የያዙት ሦስት ሾፌሮች በነዳጅ ወረፋ እየቀሩ ታካሚ አስቀርተዋል፤ እጥበት ደግሞ ይደር የሚባል ነገር አይደለም። ሥራውን የምትመድበው ነርስ የጠብታን ዕድሜ አየች፣ መኪናዋን አየች፣ አማራጭ እንደሌላትም አየች።

«አንድ ወር ልሞክርዎት» አለችው። «ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ከቀሩ ግን ለሌላ እሰጠዋለሁ፣ ጋሽዬ። አይቀየሙኝ።»

«አልቀርም፣ ሲስተር።»

ሥራው እንዲህ ነው። ጠዋት ሦስቱን ከየቤታቸው ለቅሞ ያወርዳል፣ ባዶውን ይወጣል፣ ሌሎቹን ሦስቱን ያወርዳል፣ የጠዋቶቹን ያወጣል፣ ባዶውን ይወርዳል፣ የከሰዓቶቹን ያወጣል። ሦስት ቁልቁለት፣ ሦስት ዳገት። መንገዱ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ነው፤ ፍየል እንኳ ቆም እያለች የምታስብበት ዓይነት። ሥራው ከጸናለት ዳግም ወረፋ አይሰለፍም። ካልጸናለት በእጁ የምትቀረው አሮጌውን ሸጦ የገዛት፣ ሰው የማይገዛው መኪና ናት። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ግን ከአተነፋፈሱ ታውቃለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ደህና አለፈ፤ ደህና ከተባለ። ሌሊቱን ሙሉ ቤት ተሰክቶ ጠዋት የሞላው ባትሪ በሦስተኛው ዳገት አራት በመቶ ላይ ይደርሳል። ጠብታ ዓይኑን ከቁጥሩ ሳይነቅል፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይወጣል፤ የእሱ ትንፋሽ ከባትሪው የሚቀንስ ይመስል። ማቀዝቀዣውን አጠፋ። ሬዲዮኑን አጠፋ። መለዋወጫ ጎማውን አውርዶ ቤት አስቀመጠው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰላሳ አንድ ዓመት የኖረበትን ጥበብ አጥብቆ ያዘ፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ነፃ ያወጣል። በማርሽ ነፃነት የሚያምን፣ ለዚህም ብዙ ፍሬን የሠዋ ሰው ነው። መኪናዋ በራሷ ክብደት ስትንሸራተት፣ እሱ ፍሬን እየያዘ በየኩርባው ሲቆለምማት፣ «ይህቺ በነፃ ናት» ይላል በልቡ።

በሁለተኛው ሳምንት ከኋላ የምትቀመጠው ጡረተኛ መምህርት አፍንጫዋን ያዘች።

«የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል።»

«ከውጭ ነው፣ መምህርት።»

«ሁልጊዜ፣ በዚሁ ኩርባ፣ ከውጭ?»

ወሬው ከመኪናዋ ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። ሸንጎው ብያኔውን ሰጠ፦ ባትሪው ከውስጥ እየነደደ ነው። የሚስቱ ወንድም እህቱ ቤት ድረስ ሄዶ አስጠነቀቀ። «እህቴ፣ ይህ ነገር አንድ ቀን ቦግ ይላል። በረንዳ ሥር ባታስቆሚው ይሻላል።» እሷ ከመርፌዋ ቀና አላለችም። «ኧረ ተወኝ» አለችው። «ቦግ የሚለው ያንተ ምላስ ነው።» ሲወጣ ግን ከመስኮቱ ወደ መኪናዋ አየች።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ሦስተኛው ዳገት ላይ፣ ሁለት ኩርባ ሲቀር ባትሪው ባዶ ሆኖ መኪናዋ ቆመች። ድምፅ ስላልነበራት መቆሟም አልተሰማም። ሦስቱ የከሰዓት ታካሚዎች፣ ደማቸው ታጥቦ፣ ዝለው፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከሸንጎው ሁለቱ መጡ፤ ሊገፉ ሳይሆን ሊያዩ። «አላልኩም?» አለ ጎሚስታው። በዚህች ቃል ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኖሮባታል፤ ዳገት ግን አስወጥታ አታውቅም። በመጨረሻ የጭነት መኪና ጎትቶ አወጣቸው።

በማግስቱ ነርሷ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«አንድ» አለችው። «ሁለተኛው ሲመጣ አልከራከርም፣ ጋሽዬ። አንዷ ታካሚ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት አድራለች።»

«ገባኝ።»

ሊገባው ያልቻለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ይቆጥብ? ራሱ ወርዶ በእግሩ ካልተከተላት በቀር የቀረ ነገር አልነበረም።

ወሩ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው ሚስቱ ቁልፍና ዚፕ ልትገዛ ከእሱ ጋር ወረደች። ባዶውን የሚወርድበት ሦስተኛው ቁልቁለት ስለነበር ከፊት ተቀመጠች። ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት የመርፌ ጫፍ ስታይ የኖረች ናት፤ ትንሽ ነገር አያመልጣትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ አረንጓዴዋ መስመር ምንድን ናት?»

«የቷ?»

«ቁልቁለቱን ስንጀምር እዚህ ጋ ብቅ ብላ ነበር። ማርሹን ስትነካ ድርግም አለች።»

«ጌጥ ናት።»

«ጌጥ ከሆነች ምን አደረገችህና አጠፋሃት?»

«እኔ አላጠፋኋትም። ማርሹን ነው ነፃ ያደረግኩት። ቁልቁለት ላይ ምን በወጣኝ ኃይል እጨርሳለሁ?»

«እስቲ መልሰው።»

«ሰላሳ አንድ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ እኮ።»

«የነዳኸው ሌላ መኪና ነው። መልሰው አልኩህ።»

ለክርክር አቅም ስላልነበረው መለሰው። መኪናዋ ከኋላ ቀሚሷን የያዟት ይመስል ገታ አለች። አረንጓዴዋ መስመር ብቅ አለች፣ ረዘመች። ጠብታ እግሩን ከሁለቱም መርገጫ አንስቶ ነበር፤ ፍሬን ሳይነካ መኪናዋ በልክ ትወርዳለች።

«እየያዘችኝ ነው» አለ። «የሆነ ነገር ተበላሽቷል።»

«ዝም ብለህ ቁጥሩን እየው።»

ቁጥሩ ሰላሳ አምስት ነበር። ሁለት ኩርባ አለፉ። ሰላሳ ስድስት አለ። ጠብታ ዓይኑን አሸ። ግርጌው ሊደርሱ ሲሉ ሰላሳ ዘጠኝ ሆነ።

ዳር ይዞ አቆመ። ወርዶ የፊት ጎማውን ቸርኬ በእጁ ነካው፤ ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ሌላ ቀን እዚህ ሲደርስ ምራቅ ቢተፉበት ቸስ ይል ነበር። አጎንብሶ አሸተተ። ምንም የለም። ለካ ሲሸት የከረመው፣ ሸንጎ ያስቀመጠው፣ መምህርቷን አፍንጫ ያስያዘው፣ የገዛ ፍሬኑ ነበር። መኪናዋ በየቁልቁለቱ ኃይሏን መልሳ ልታጠራቅም እጇን ስትዘረጋ፣ ከሰፈሩ ሁሉ አንደኛ የተባለው ቆጣቢ ሲመታት ከርሟል። አንዲት ጠብታ ያላፈሰሰ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ሲደፋ ወሩን ጨረሰ።

ተመልሶ ገባ። በሩን ዘጋ።

«ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» አለ።

«ምን ብዬ ነው የምነግረው? መንዳት የምታውቀው እሱ ነው፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለችና የዚፕ ዝርዝሯን ከቦርሳዋ አወጣች። አልሳቀችም። እሱ ግን ብትስቅ ይሻል ነበር እያለ እስከ ክሊኒኩ ሄደ።

ሰላሳ አንድ ዓመት የለመደ እጅ በአንድ ከሰዓት አይመከርም። በማግስቱ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እጁ ሳያማክረው ወደ ማርሹ ሄደ፤ ያዘው። ሁለተኛው ላይም ሄደ። በሦስተኛው ቀን ቁልቁለቱ ሲጀምር ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠበት፤ ቀጥ ባለው ላይ በግራው ብቻ ይነዳል፣ ኩርባ ሲመጣ ያወጣዋል፣ መልሶ ይቀመጥበታል። መምህርቷ ከኋላ ሆና አየችው። አፍንጫዋን አልያዘችም። ማታ ሦስተኛውን ዳገት ሲጨርስ ቁጥሩ አሥራ ስድስት ነበር።

ሸንጎው ወዲያው አዲስ አንቀጽ አወጣ። በቀን ስድስት ጊዜ በፊታቸው ስታልፍ እያዩ አትወጣም ማለት ስላልተመቻቸው፣ «ከባድ ስለሆነች ጎማ ትበላለች» አሉ። ጎሚስታው ይህን ሲል በሐዘን ነበር፤ እንግዲህ ሐዘኑ ምን ዓይነት እንደሆነ እሱ ያውቃል። ጠብታ ማስረዳት ይችል ነበር። መስኮቱን ዝቅ አደረገ፣ አፉን ከፈተ፣ የሚስቱን ወንድም አየ፣ መስኮቱን መልሶ ዘጋ። ለማስረዳትም ባትሪ ያስፈልጋል።

ወሩ የሞላ ዕለት ነርሷ በክሊኒኩ በር ላይ ጠበቀችው። ወረቀት ይዛለች።

«ለዓመት ነው» አለች። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ፈረመ።

«ሌላ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ አንዲት ታካሚ ትጨመራለች። ከጎሚስታው ቤት አልፎ፣ ከላይኛው መንገድ ላይ ናት። ቀድመው መነሳት ይኖርብዎታል። በአሥራ አንድ ሰዓት በሯ ላይ መድረስ ይችላሉ?»

የለመነውን አግኝቷል። የለመነው ደግሞ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ወፍ ሳይንጫጫ መነሳት ነበር።

«እደርሳለሁ፣ ሲስተር።»

የጠዋቶቹ ሦስቱ ታጥበው ወጡ። መምህርቷ ዛሬ ደጋፊ ፈለገች፤ ክንዷን ይዞ አስገባት፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ሌሎቹ ሁለቱ መኪናዋ ገና ሳትነሳ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«እንዴት ሆነ?» አለች መምህርቷ ዓይኗን እንደጨፈነች። «አጸኑልህ?»

«አጸኑልኝ።»

«ጥሩ። ሌላ ሾፌር ለመልመድ አቅም የለኝም። ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል፣ መምህርት» አለና ዳገቱን ጀመረው።