ለሌላ ሴት የተሰጠ ስም

ሞራግ ከስኮትላንድ ወደ ደሴት ከተማችን ወደ ሱቫ የመጣችው ለሁለት ዓመት ብላ ነበር፤ በሆስፒታሉ አዋላጆችን አሠልጥና ልትመለስ። እህቴ ሎሳሊኒ ያኔ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ነበረች። ሁለቱ መጀመሪያ ተጣሉ፣ ከዚያ ተዋደዱ። ሁለት ዓመቱ አለቀ፣ ሌላ ሁለት ተጨመረበት፤ ሞራግ ጡረታ ወጣች፣ ፀጉሯ ነጣ፣ አሁንም ቱራክ በሚባለው ሰፈር ዳገቱ ላይ ባለችው ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ አለች።

ስለ ከተማችን አስተያየት የማትሰጥበት ነገር የለም። መስኮቱ መስታወት የሌለው አውቶቡስ መስታወት ካለው ይሻላል ትላለች፤ በአንደኛው አየር ይገባል፣ በሌላው የሰው ጉንፋን ይዘው ይወርዳሉ። ፓፓያ ያለ ሎሚ የሚበላ ሰው አታምንም። ዝናቡ የመረረው ሰው ሌላ ከተማ ይፈልግ ባይ ናት። ከሁሉ የማትወዳቸው ግን እንደ እሷው ከውጭ አገር የሚመጡትን ነው። "የሁለት ዓመት እንግዶች" ትላቸዋለች፣ ራሷ እንዴት እንደመጣች ረስታው። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ሰፋፊ ባርኔጣቸውን አድርገው የጎደሬ ክምር ፎቶ ሲያነሡ ካየች ክንዴን ጎተት አድርጋ፣ "እያቸው እስቲ፣ ጎደሬው ሙሽራ ይመስል" ትለኛለች።

እሑድ እሑድ የእኛ ናት። ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ደጅ ማንጎው ሥር ቆማ መዝሙሩን ትሰማና ስንወጣ አብራን ወደ ሎሳሊኒ ቤት ትወርዳለች። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለን በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ የበሰለውን ካሳቫና ዓሣ እንበላለን። መስኮቱ ጥግ ያለው ቦታ የሞራግ ነው። የዓሣው ራስም የሞራግ ነው፤ በኛ ቤት የዓሣ ራስ የሚቀርበው ለሚከበር ሰው ነው። ይገባታልም። የሎሳሊኒን ልጆች ሁሉ በእጇ ያዋለደች እሷ ናት። አንዷን ልጇን ቫሲቲን ደግሞ በአውሎ ነፋስ ቀን፣ የሆስፒታሉ ጣሪያ እየተንቋቋ፣ በባትሪ ብርሃን ነው የተቀበለቻት። ቫሲቲ ይህን ታሪክ እስኪሰለቻት ሰምታዋለች።

ኢንገርን ወደዚያ ቤት ያመጣቻትም ራሷ ሞራግ ናት። ኢንገር ባሏ የሞተባት የዴንማርክ ሴት ናት፤ ከሞራግ ቤት በላይ ያለውን ፎቅ ተከራየች። ሞራግ መጀመሪያ ናቀቻት። በኋላ ግን ከተማውን የምታሳየው ሰው በማግኘቷ ደስ አላት። የትኛው ታክሲ እንደሚያጭበረብር፣ የትኛዋ ሴትዮ ጥሩ ዓሣ እንደምትሸጥ አስተማረቻትና አንድ እሑድ ይዛት መጣች። "ጓደኛዬ ናት፤ አትፍረዱባት፣ ገና አዲስ ናት" አለችን በር ላይ።

አዲስነቷ ብዙ አልቆየም። ኢንገር በመጣች ባመቱ መዘምራን ውስጥ ገብታ፣ እኛው ያሰፋንላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳ በቋንቋችን ትዘምር ነበር። አነጋገሯ ይሰባበራል፤ ግን አታፍርም። አንድ ቀን ፓስተሩን "ደህና አደሩ" ልትል ብላ "ደህና ታጠቡ" አለቻቸውና ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ሞላ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ሞራግ ይህን ሁሉ ዘመን ኖራ ከሰላምታና ከገበያ ቃል በቀር የምታውቀው የለም። ሁላችንም እንግሊዝኛ ስለምናወራት የጎደላት ነገር ያለ አይመስላትም ነበር። ያን ቀን ሳቁ ከውስጥ ሲመጣ ማንጎው ሥር ቆማ፣ "ምንድነው? ምን አለች?" እያለች የሚወጣውን ሰው ሁሉ ጠየቀች። ሲነግሯት አላሳቃትም።

ከዚያ በኋላ ዓይኗ ተለወጠ። ሎሳሊኒ ለማን ቀድማ ሻይ እንደቀዳች፣ ቫሲቲ ማንን አቅፋ እንደሳመች፣ ኢንገር ስታወራ ማን እንደሳቀ፣ ሁሉንም ትከታተላለች። ኢንገር ሳታውቅ መስኮቱ ጥግ የተቀመጠች ዕለት ሞራግ ምግቡ እስኪነሣ በር ላይ ቆማ፣ "እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው" አለች። በሌላ እሑድ ደግሞ ሎሳሊኒ የዓሣውን ራስ ኢንገር ፊት አስቀመጠች። ሞራግ የዓሣውን ራስ አየች፣ እህቴን አየች፣ ከዚያ ኢንገርን እያየች፣

"ዓይኑን እንዳትተይው። የሚጣፍጠው እሱ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ ዓይኑን ነበር የምበላው" አለች።

"ነበር" ነው ያለችው። ልብ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት ሞራግ ሎሳሊኒ ጋ ደወለች። ነገሩን በሐዘኔታ ነው የነገረቻት፦ ኢንገር ከእናንተ ቤት በተመለሰች ቁጥር ሆዷን እየያዘች ታድራለች፤ ምግቡ ውስጥ ያለው የኮኮናት ክሬም አልተስማማትም፤ ይሉኝታ ይዟት ነው እንጂ ባትበላ ደስ ይላታል። እህቴ ደነገጠች። እንግዳን ማሳመም ለእሷ ትልቅ ነውር ነው። በሚቀጥለው እሑድ ለሁላችን በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለው በክሬም የበሰለ ምግብ ሲወጣ፣ ለኢንገር በሰሃን የተቀቀለ ሩዝ ቀረበላት። ባዶ ሩዝ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ኢንገር ሁለቱንም ጊዜ በላች። በሦስተኛው እሑድ ግን ሰሃኑን አስቀምጣ፣ በዚያ በተሰባበረ አነጋገሯ፣

"ሎሳሊኒ፣ ምን አጠፋሁ?" አለች።

"ምንም አላጠፋሽም። ሆድሽን እንዳያምሽ ነው።"

"ሆዴን? ሆዴን አሞኝ አያውቅም።"

ሞራግ ካሳቫዋን በጣቷ እየቆራረሰች ነበር፤ ቀና አላለችም። እህቴ አየቻትና ሩዙን እንዳነሣው በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። በምትኩ በኢንገር ፊት የተቀመጠው የራሷ የሎሳሊኒ ሰሃን ነው።

ቫሲቲ የወለደችው ብዙ ሳይቆይ ነው። ሴት ልጅ። በኛ አገር ሕፃን በሰው ስም ከተሰየመ ነገሩ ጨዋታ አይደለም፤ የስሙ ባለቤትና ልጁ እስከ ዕድሜ ልክ የተሳሰሩ ናቸው። ሞራግ በዚያ ቤት ሕፃን በተወለደ ቁጥር ስሜ ይወጣል ብላ ጠብቃለች፣ አፍ አውጥታ ባትናገርም። በዚህኛው ግን እርግጠኛ ነበረች፤ የሕፃኗን እናት በእጇ የተቀበለች እሷ ናታ። ዘመዶች ተሰብስበው፣ የሎሳሊኒ ባል ቪሊያሜ ተነሥቶ የሕፃኗ ስም ኢንገር ነው አለ።

ሁሉም አጨበጨበ። ሞራግም አጨበጨበች። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ራሷን እንዳመማት ነግራኝ ወጣች፤ እሑዶቹም ያለ እሷ አለፉ። አንድ ጊዜ ጉንፋን፣ አንድ ጊዜ ጉልበት፣ አንድ ጊዜ ዝናብ አለች። ዝናብ ስትል ነው እህቴ ነጠላ ጫማዋን ያደረገችው። "ነይ፣ እንሂድ" አለችኝ።

ቤቷ ስንደርስ ሞራግ በር ከፍታ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ሻይ አላለችንም። እህቴ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"ስለ ሩዙ ከሆነ የቀጣሽኝ፣ ይገባኛል" አለች ሞራግ።

"ስለ ሩዝ ሰው አልቀጣም።"

"ቫሲቲን በዚህ እጄ ነው የተቀበልኳት፣ ሎሳ። ያቺ ሴትዮ ያኔ ሱቫ የት እንዳለች እንኳ አታውቅም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች እህቴ። "ያን ቀን ስምሽን ለቫሲቲ ልሰጣት ነበር። ከቪሊያሜ ጋር ተነጋግረን ጨርሰን ነበር።"

ሞራግ ቀና አለች። "ታዲያ?"

"አልጋዬ አጠገብ ቆመሽ እጅሽን እየታጠብሽ ምን አልሽኝ? ሚያዝያ ላይ ወደ አገሬ እመለሳለሁ፣ ሌላ ጎበዝ አዋላጅ ይመጣላችኋል አልሽኝ። ለምትሄድ ሰው ልጅ እንዴት ላስተሳስር? በሚቀጥለው ስወልድም ለገና እሄዳለሁ አልሽ። እስከ ዛሬ፣ ባለፈው እሑድ እንኳ፣ 'አገሬ ስገባ' እያልሽ ነው የምታወሪው።"

"ግን አልሄድኩም እኮ!"

"አልሄድሽም። መሄድሽንም አላቆምሽም።"

ሞራግ መስኮቱ ላይ አፈጠጠች። መቼም ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እሷ ግን ዞር ብላ፣

"ያቺኛዋስ እንደማትሄድ በምን አወቅሽ?" አለች።

"የራሷን የመቃብር ቦታ እንዲያሳዩአት ፓስተሩን ጠይቃለች።"

"ድሮም ችኩል ናት" አለች ሞራግ።

እህቴ ሳቋ አመለጣት። እኔም መቻል አቃተኝ። ሞራግ አልሳቀችም፤ ግን ተነሥታ ሻይ ጣደች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብል ውሸት ነው። ሞራግ ኢንገርን ደረጃው ላይ ጠብቃ፣ "የሩዙ ነገር የኔ ሥራ ነው" አለቻት። ኢንገር፣ "አውቃለሁ፤ እኔም አንቺን ብሆን ሳላደርገው አልቀርም" ብላ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ይህ ደግነቷ ሞራግን ከምንም በላይ አናደዳት። "መሳደብ እንኳ አትችልበትም" ብላ ለእኔ አማቻት። እሑድ ግን መጣች፤ ለሕፃኗ ራሷ የሠራችውን የሱፍ ኮፍያ ይዛ፣ በዚያ ሙቀት። ሎሳሊኒ ለአንድ ደቂቃ ያህል አድርጋላት አወለቀችላት። "አገሬ ስገባ" የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ወዲህ ከአፏ አልሰማሁም። ቋንቋችንንም መማር ጀመረች፤ አስተማሪዋ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነው። ኢንገር ላግዝሽ ብትላት፣ ከአንቺ የምማረው ስሕተቱን ነው ብላ መለሰቻት።

የሕፃኗን ስም አትጠራም። ሁሉም ሰው ኢንገር ሲላት እሷ "የቫሲቲ ልጅ" ነው የምትላት። ልጅቱን ግን ከእቅፏ አታወርድም፤ ለኢንገር የምታቀብላት ስትሸና ብቻ ነው። ባለፈው ወር፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ ልጅቱ ምንጣፉ ላይ ተነሥታ እጇን ዘርግታ ለመጀመሪያ ጊዜ "ቡቡ" አለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። ሁለቱም "ወይዬ" አሉ፣ ባንድ ድምፅ። ልጅቱ ሁለቱንም አየችና በመካከላቸው አልፋ ወደ ሎሳሊኒ ሄደች።

ሞራግ እስከ ዛሬ "ለእኔ ነው ያለችው" ትላለች። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ማንን እንደጠራች አላውቅም። ሲጠይቁኝ ግን እንደ ጠያቂዋ ነው የምመልሰው።