ውሃው ወደ ጎረቤት ሲዞር

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ገልባጭ መኪና ሰፈራችን ገብቶ ለግቢ መሙያ የሚሆን ገረጋንቲ ሲዘረግፍ ሰማሁና ደሜ ፈላ። ከተማችን ወረታ እንዲህ ሆናለች። አንዱ ዘንድሮ ግቢውን ይሞላና ከጎረቤቱ ከፍ ይላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ በዓመቱ ከእሱ ከፍ ይላል። ውሃው የት ይሂድ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቤት ውስጥ ሲገባ ግን ሁሉም አፉን ሞልቶ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ይላል። ዝናቡ ጠባዩን መለወጡ እውነት ነው፤ እኔም ክፍል ገብቼ አስተምረዋለሁ። ግን የውሃ መውረጃ ቦዩ ላይ ገረጋንቲ የደፋው አየር ንብረቱ ነው እንዴ?

ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ያኔ ሐምሌ ሲገባ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ያለብሰው ነበር። የጭቃውና የረጠበው ሣር ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ከውሃው ጋር አምባዛ የሚባለው ዓሣ እስከ ጓሯችን ይመጣል። በእኛና በእትዬ ጥሩነሽ ቤት መካከል የውሃ መውረጃ ቦይ ነበረ። እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው ሞቶባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ በየሰኔው ከአባቴ ጋር ቦዩን አብረው ይጠርጉታል።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ዓሣ ልይዝ ብዬ ያንን ቦይ በጭቃና በሣር ደፈንኩት። አንድ አምባዛ ያዝኩ፤ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ዓሣዬን ለማሳየት ቤት ስሮጥ ግን ውሃው መሄጃ ሲያጣ ዞሮ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ገባ። ለመስከረም ያስቀመጡት የሽምብራ ዘር ከነጎታው ራሰ።

አባቴ የማን ሥራ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ዱላ ያነሳል ብዬ ስጠብቅ እትዬ ጥሩነሽ ዘንድ ወሰደኝና «ንገሪያቸው» አለኝ። ቦዩን የደፈንኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። እትዬ ጥሩነሽ የራሰውን ዘር በእጃቸው እያገላበጡ «በይ እንግዲያ ሂጂና ክፈቺው፤ ዝናቡ ሳይደግም» አሉኝ። ከፈትኩት። አባቴ ከእኛ ዘር ግማሹን ሰፍሮ ወሰደላቸው። በዚያ ዓመት የማሳችን ግማሽ ሽምብራ ሳይዘራበት ከረመ።

አሁን ወረታ ቤት ሠርቻለሁ። አምና የላይኛው ጎረቤቴ ግቢውን ሲያስሞላ ውሃው ሳሎኔ ገባ። ክረምቱን ሙሉ ስለምን፣ ስጨቃጨቅ፣ ስናደድ ከረምኩ። ሰሚ የለም። ከዚያስ? እኔም ሁለት መኪና ገረጋንቲ አስደፋሁና እፎይ አልኩ።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ከእኔ በታች ያለውን ቤት የተከራየች ሴት በሬን አንኳኳች። ከደብረ ታቦር ከመጣች ገና ወራት ቢሆናት ነው። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል፤ የሁለት ልጆቿ ፍራሽ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ነው። አልተቆጣችም። ባልዲ እንዳውሳት ለመነችኝና «ቲቸር፣ እዚህ አገር ክረምቱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለችኝ።

ውሃውን ወደ እሷ ያዞረው የእኔ ሁለት መኪና ገረጋንቲ መሆኑን አውቃለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ የወጣልኝ ቃል በአርባ ዓመቴ እምቢ አለኝ።

«ዘንድሮ ዝናቡ በዛ» አልኳት።

አመነችኝ። የሳይንስ አስተማሪ ነኛ።