የጋሽ ማሞ ትከሻ

ሀና ማርያም አካባቢ ኮንዶሚኒየሙ ሳይበዛ፣ አስፋልቱም ሳይገባ፣ ሞት ወደ ሰፈር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው በጋሽ ማሞ ጥሩምባ ነበር። ጋሽ ማሞ የእድሩ ለፋፊ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ያን ጭቃ በቦቲ እየረገጡ ይወጣሉ፤ በየማዕዘኑ ቆመው ይነፉና የሟቹን ስም ይጠራሉ። ስም ሲጠሩ ታዲያ ችኮላ የለም። ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ጆሮውን እስኪያቀና ይጠብቃሉ። ኋላ እድሩ በስልክ መልእክት መላክ ሲጀምር ጥሩምባው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እሳቸውም ቤት ዋሉ።

በቀለች በዚያ ጥሩምባ እየባነነች ያደገች ልጅ ናት። አባቷን አታውቅም። እናቷ ወይዘሮ ማኑሄ ቅቤ ቸርችረው አሳደጓት፤ አስተማሯት። የማኑሄም ቀን ደረሰና ስማቸው በጋሽ ማሞ አፍ ተጠራ። ያን ጠዋት በቀለች ራሷን አታውቅም ነበር፤ የሰማችው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን ሰው ባገኘች ቁጥር፣ “ጋሽ ማሞ እማዬን ምን ብለው ጠሯት?” ትላለች። ትዝ የሚለው ሰው አላገኘችም። ጋሽ ማሞን ራሳቸውን መጠየቅ ደግሞ ያስፈራት ነበር።

እንጀራዋ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ከታክሲ ተራው ወረድ ብሎ፣ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል ተከራይታ ለሠርግና ለማስታወቂያ ትሠራለች። መጀመሪያ ሁሉም በእጇ ነበር። አንዷን ፊደል እዚህ ታኖራለች፣ ቀጥሎ ፈቀቅ ታደርጋታለች፣ ደግሞ ፈቀቅ። የአንድ ሙሽራ ስም እስኪጨፍር ድረስ የሷ ወገብ ይቆረጣል። ኋላ ግን ትእዛዝ መጻፍ ተማረች፤ የሙያው ሰዎች ኤክስፕሬሽን ይሉታል። ሥዕሉ ላይ አጭር ነገር ይጻፍበታል፤ “ድምፁ ከፍ ሲል ተነሣ፣ ዝቅ ሲል ተኛ” እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ዘፈኑን መቀየር ብቻ ነው፤ ሥዕሉ ራሱ እየሰማ ይንቀሳቀሳል። ጥጃን ከእናቷ ጋር በገመድ እንደ ማሰር በሉት። በቀለች የሙሽሮችን ፎቶ ትከሻ ትከሻውን ለይታ ከከበሮው ጋር ታስረዋለች፤ ሙሽራው እስክስታ ይወርዳል፤ ሠርገኛው በሳቅ ይሞታል። የታወቀችውም በዚሁ ነው።

ጎረቤቷ አናስ፣ ፎቶ አጣቢው፣ ብቅ እያለ ይነካካታል።

“አንቺ ሻይሽን ትጠጫለሽ፣ ኮምፒውተሩ ይጨፍራል። ምስጋናውን ለሱ አድርጊው እንጂ።”

“ቅናት ነው አናስ። አንተ ዛሬም ፎቶ ትቆርጣለህ።”

ጋሽ ማሞ ሲያርፉ ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይወርቅ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ደረጃውን ወጥተው መጡ። ፎቶዎቹን ከጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ “አርባው ዕለት ሰው የሚያየው ነገር ሥሪልኝ፣ በቅዬ። አንቺ የኛ ልጅ ነሽ” አሏት። በቀለች ሠራች። ያንኑ የሠርጉን ሥራ ከፍታ ፎቶውን ቀየረች፤ በከበሮው ቦታ በገና አስገባች። በገናው ረጋ ያለ ነውና የጋሽ ማሞ ትከሻ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ በቀስታ ከፍ ዝቅ ይላል። አማረላት። እንዲሁ ተወችው።

በአርባው ዋዜማ እትዬ ፀሐይወርቅ በስልክ አንድ ድምፅ ላኩላት። ቀጥለውም ደወሉ። “የሱ ጥሩምባ ነው። የእህቴ ልጅ ድሮ የቀዳችው፤ ያለን ይሄው ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ አስገቢው። ግን ቁጭ ብለሽ ስሚው እሺ? እኔ አላስችል ይለኛል።”

በቀለች እጇ ላይ የሰው ሠርግ ነበር፤ ሙሽሮቹ እየወተወቷት ነው። ድምፁን ከበገናው ጭራ ቀጠለችው፣ ማሽኑ እንዲጨርሰው አዘዘችና ወደ ሠርጉ ተመለሰች። ሥራውን ትእዛዙ ይሠራዋል። ይሄን ያህል ጊዜ ሠርቶላት የለ?

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ፀሐይወርቅ ደወሉ። “አየሽው? ሰማሽው?”

“አይቼዋለሁ እትዬ። በጣም ያምራል።”

“በቃ? ሌላ የምትይኝ የለም?”

“ምንም እንከን የለውም እትዬ።”

“እሺ ልጄ” አሉና ዘጉት።

በእድሩ አዳራሽ ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ካህናቱ ጸልየው፣ መብራቱ ጠፋ። የጋሽ ማሞ ሥዕል ግድግዳው ላይ ወጥቶ በገናው ሲጀምር ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። በቀለች ከኋላ ቆማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮራ ብላ ነበር። ከዚያ ጥሩምባው ተነፋ።

ጥሩምባ እንግዲህ በገና አይደለም፤ ትእዛዙ ደግሞ የሰማውን ሁሉ ይከተላል። ጋሽ ማሞ ከነጋቢያቸው ትከሻቸውን ሰበቁት። ደግሞ ሲነፋ ደግመው ሰበቁት። እፊት የተቀመጡት ልጆች በሳቅ ፈረሱ፤ አንዱ ጎረምሳ “እሰይ ጋሼ” አለ። ቀጥሎ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፣ ያው ረጋ ብሎ፦

“እድርተኞች፣ ማኑሄ አርፋለች። የቅቤዋ ማኑሄ፣ የበቀለች እናት። ልጅቷ ብቻዋን ናት፤ ውጡላት።”

በያንዳንዱ ቃል ትከሻው ይነጥራል። በእናቷ ስም ላይ እስክስታ። በቀለች ሮጣ የኮምፒውተሩን ገመድ ልትነቅል ፈለገች፤ ወንበሩና ሰዉ ግን መንገድ ዘጉባት። የእድሩ ዳኛ አቶ ሂርጳ፣ “ኧረ አጥፉት፣ ምን ጉድ ነው” አሉ። መብራት ሲበራ እትዬ ፀሐይወርቅ ፊታቸውን ሸፍነዋል።

“ምን ሆኖ ነው ልጄ?” አሏት አቶ ሂርጳ።

“ኮምፒውተሩ ነው ጋሼ። ራሱ ተሳስቶ ነው።”

ከዚያ ወዲያ ሱቋን አልከፈተችም። ከቤቷ ስትወጣም የእትዬ ፀሐይወርቅን በር ላለማየት በቤተክርስቲያኑ ጀርባ ትዞራለች። ምን ዋጋ አለው፤ የመንደሩ ልጆች ባዩዋት ቁጥር “ጋሽ ማሞ! ጋሽ ማሞ!” እያሉ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። አናስ ቤቷ ድረስ መጣ።

“ማሽን ነው፣ ይሳሳታል። እንደዛ በይና እለፊው።”

“አልተሳሳተም አናስ። ያልኩትን ነው ያደረገው።”

እሱ ከሄደ በኋላ ላፕቶፗን በዘንቢል ይዛ ወጣች። እትዬ ፀሐይወርቅ ቤት ገብታ ወንበር እምቢ አለች፤ ከደጃፉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

“አላየሁትም ነበር እትዬ። አልሰማሁትምም። ዋሸሁዎት።”

“አውቃለሁ። ይህቺ ልጅ የእናቷን ጥሪ ሰምታ እያለቀሰች ነው ብዬ፣ ላባብልሽ ነበር ያን ጠዋት የደወልኩት። በየሰዉ ደጅ ስትጠይቂ ሰምቻለሁ እኮ። አንቺ ‘በጣም ያምራል’ አልሽኝ። ያኔ አልሰማችውም አልኩ። ደፍሬ አልነገርኩሽም፤ ሰው ለአርባው ተጠርቷል፣ ምን ልበል? ማሞ ጭፈራ ይወድ ነበር። በሠርግ ማን ይችለዋል? የሰው ሞት ሲጠራ ግን ትከሻው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። እኔን ያሳፈረኝ ያ መነቃነቁ ነው።”

በቀለች ላፕቶፑን ከፈተች። ትእዛዙን ከፎቶው ላይ አጠፋችው፤ በገናውንም አወጣችው።

“አሰሚኝ እስቲ” አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ።

ጥሩምባው ተነፋ። ጋሽ ማሞ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ቆመዋል፤ ምንም አይንቀሳቀሱም። የማኑሄ ስም ተጠራ። “ልጅቷ ብቻዋን ናት፤ ውጡላት” ሲሉ በቀለች ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፋች። እትዬ ፀሐይወርቅ አላባበሏትም። ሲያልቅ ነጠላቸውን አንሥተው፣ “ቅዳሴው ሳይወጣ አድርሺኝ” ብለው ክንዳቸውን ሰጧት።

ከበሩ ሲወጡ ልጆቹ መንገዱ ላይ ነበሩ። አንዷ አይታቸው ትከሻዋን ሰበቀች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። እትዬ ፀሐይወርቅ የበቀለችን ክንድ ጠበቅ አደረጉት። በቀለች ቀና ማለት አልቻለችም፤ ፊቷ እንደ እሳት እየነደደ ዓይኗን ከአሮጊቷ ጫማ ላይ ሳታነሣ፣ በቤተክርስቲያኑ ጀርባ እንዙርም ሳትል፣ በልጆቹ መሐል ይዛቸው አለፈች።