የእማማ የሻረግ ጥቁር ስንዴ

ልጄ ባለፈው ሰሞን በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። ለትምህርት በሄደችበት አገር፣ ዕረፍቷን ማዳበሪያና መድኃኒት በማይነካው እርሻ ላይ ከጓደኞቿ ጋር በነፃ እየሠራች ታሳልፋለች። ተንበርክካ፣ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆኖ ትስቃለች። ከሥሩ «ዛሬ አረም መስሎኝ ሰላጣ ነቀልሁ፤ ስነግራቸው ሳቁብኝ» ብላለች። ቀጥላም «አባዬ፣ አንተስ በተማሪነትህ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተህ ታውቃለህ?»

ሠርቻለሁ። ልነግራት ግን አፈርሁና ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥሁት።

ኮሌጅ ሳለሁ በአንድ ክረምት አራት የውጭ አገር ተማሪዎች ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ወዳለች መንደር መጡ። ያለ ማዳበሪያ የሚያርሱ ገበሬዎችን ሊያግዙ ነው። እንግሊዝኛ እሞክር ስለነበር አስተርጓሚያቸው ሆንሁ። በዚያ ጭቃ መንገድ ፊት ፊታቸው ስሄድ የነበረኝ ኩራት! አባቴ ልብስ ሰፊ፣ እኔ የከተማ ልጅ፤ አረም የማውቀው በወሬ ነው። እነሱ ግን የገበሬ ልጅ አድርገው ወሰዱኝ፤ እኔም አይደለሁም አላልሁም።

ያስጠጉን እማማ የሻረግ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። በጓሯቸው፣ ከድንቹ ጎን ባለች ትንሽ መደብ ላይ ጥቁር ስንዴ ዘርተዋል። በዚያ አካባቢ ዘሩ የቀረው እሳቸው ዘንድ ብቻ ስለነበር፣ ያለቻቸውን አንድ ቁና ሙሉውን ለመሬቱ ሰጥተውታል። ፍልሰታ ነበርና ረፋድ ላይ «እንክርዳዱን ትነቅላላችሁ፤ ግን ጠብቁኝ፣ መጥቼ አሳያችኋለሁ» ብለው ወደ ቅዳሴ ሄዱ።

«ጠብቁኝ» ያሉትን ለፈረንጆቹ አልነገርኋቸውም። እንክርዳድ ከሥሩ ቀላ ይላል ሲባል ሰምቼ ነበርና «ቀላ ያለውን ንቀሉ» አልኋቸው። የጥቁር ስንዴም አገዳ ከሥሩ እንደሚቀላ ማን ነግሮኝ። ጎበዞች ነበሩ፤ እማማ የሻረግ ሲመለሱ መደቡ ባዶ መሬት ሆኗል።

ከክምሩ አንድ ቡቃያ አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ይህን ማን አሳያቸው?» አሉ።

«እኔማ ነግሬያቸው ነበር፣ እማማ። አልሰሙኝም።»

ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ሊና የምትባለው፣ ከሁኔታችን ነገሩ ገባት። ዓይን ዓይኔን እያየች በእንግሊዝኛ «አንተ ያሳየኸንን ነው የነቀልነው፤ ንገራቸው» አለችኝ።

«ምን ትላለች?» አሉ እማማ የሻረግ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ትላለች።»

ቡቃያውን ወደ ክምሩ መለሱት። «ምን ታድርግ፣ እንግዳ ናት። አንተ ባትኖር ድንቹንም ባልማሩልኝ» አሉኝ።

እሳቸው ገና እህል ሳይቀምሱ ለእኛ ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ አቀረቡ። ትልልቁን እየመረጡ ወደ እኔ ገፉት። ሊና አልበላችም። ዝናቡ እስኪያባርራት ድረስ የተነቀለውን ቡቃያ አንድ በአንድ መልሳ ስትተክል ነበር። እኔ ድንቹን ጨረስሁት።

አንዱም አልጸደቀም። በዓመቱ በዚያ ሳልፍ መደቡ ላይ ጎመን አየሁ፤ ቤታቸው ግን ለመግባት ፊት አጣሁ። ሳልነግራቸው አረፉ። ዛሬም ገበያ ስወጣ እህል ተራ ጎራ ብዬ ጥቁር ስንዴ እጠይቃለሁ። ወጣቶቹ ነጋዴዎች ስሙንም አያውቁትም።

ስልኩን አነሳሁና «አዎ፣ ለፈረንጆች አስተርጓሚ ነበርሁ» ብዬ ጻፍሁ። መልሼ ሳነበው፣ ጥፋቴን ደብቄ ያንኑ ውሸት ደግሜዋለሁ። አጠፋሁና እንደገና ጀመርሁ፦ «ልጄ፣ ስንዴውን ያስነቀልሁት እኔ ነኝ።»